ፔኒዬ ላይ ያለው እብጠት የማተሚያ ስህተት ነው ወይስ የቅብ ችግር?

ጥያቄው፦ «የ1994 የአሜሪካ ፔኒ (የአንድ ሴንት ሳንቲም) አለኝ። በሊንከን ጉንጭና ከፊቱ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ‹ሊበርቲ› የሚለው ቃል ፊደላት በአንድ ጎናቸው ግራጫ ጥላ አላቸው፤ ድርብ ይመስላሉ። ከኋላ በኩል ሕንጻው ላይ የሚያልፍ ቀጭን፣ ከፍ ያለ መስመር አለ። ሚዛን ላይ 2.48 ግራም ነው። ቪዲዮዎች እንዲህ ያለው በሺዎች ዶላር ይሸጣል ይላሉ። እውነት የማተሚያ ስህተት ነው ወይስ ቅቡ ነው?»

መልሱን ላስቀድምልዎት። ፎቶዎቹን በደንብ አይቻቸዋለሁ። ሦስቱም የቅብ፣ ማለትም የሳንቲሙን ዚንክ የሸፈነው ስስ መዳብ፣ ችግሮች ናቸው። ፔኒዎ የሚያወጣው አንድ ሴንት ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች የሚከፈላቸው በተመልካች ብዛት እንጂ በሳንቲም ሽያጭ አይደለም። ስለዚህ ያዩትን እብጠት ሁሉ «ብርቅ» ቢሉ የሚከስሩት ነገር የለም። የሚከስረው አምኖ የሚገዛው ነው።

ጥያቄዎ ግን ጥሩ ነው። ያዩዋቸው ሦስት ነገሮች ሰው በብዛት የሚሸወድባቸው ሦስቱ ናቸው። ሳንቲሙ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ካወቁ ደግሞ አብዛኛውን ነገር ማንንም ሳይጠይቁ መለየት ይችላሉ። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። አንድ እንግዳ ምልክት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ የሆነው መቼ ነው?» ብዬ ነው።

የአሜሪካ ፔኒ ለረጅም ዘመን 95 በመቶ መዳብ ነበር፤ ክብደቱም 3.11 ግራም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መዳብ ሲወደድ በ1982 ዓመቱ መሃል ላይ ውስጡ ወደ ዚንክ ተቀየረ። አዲሱ 2.5 ግራም ይመዝናል። በጠቅላላው 97.5 በመቶ ዚንክ፣ 2.5 በመቶ ብቻ መዳብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዚንኩ ተዳምጦ ንጣፍ ይሆናል። ከንጣፉ ላይ ክብ ክቡ ተመትቶ ይወጣል። ክቦቹ በመዳብ ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይቀባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዳይ በሚባሉ ሁለት ጠንካራ የብረት ማህተሞች መካከል ገብተው የሚታተሙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዙልኝ። መቁረጥ ይቀድማል፣ ቅብ ይከተላል፣ ማተም መጨረሻ ነው። ቅቡ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እንኳ የቀጠነ ነው። ይህ ስስ ቆዳ በዚያ ሁሉ ግፊት ስር ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይነፋል። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ፔኒ ሲታተም ስለኖረ ቅቡ የተበላሸበትን ማግኘት ብርቅ አይደለም። በተለይ ከ1982 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ባሉት ላይ ሞልቷል።

አሁን ወደ እብጠቶቹ። ከመዳቡና ከዚንኩ መካከል ቆሻሻ ወይም እርጥበት ከቀረ ጋዝ እዚያው ይታፈናል። ሲታተም የሚፈጠረው ሙቀት ጋዙን ያሰፋዋል፤ ግፊቱ ሲለቅ ቆዳው ይነሳል። ግድግዳ ላይ እርጥበት የገባበት ቀለም እንደሚነፋ ማለት ነው። ይህን ከእውነተኛ የዳይ ስባሪ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። የዳይ ስባሪ የሚባለው ከማህተሙ ፊት ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲረግፍ የሚመጣው ነው። ማህተሙ ላይ ጉድጓድ ሲፈጠር ሳንቲሙ ላይ ጉብታ ይወጣል። ሁለቱም ከፍ ያሉ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ብዙ ነው።

በአሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እብጠቱን ይዩት። የሊንከን ጉንጭ ላይ ያለው የቅርጹ ዝርዝር በእብጠቱ ላይ ቀጥሎ ከታየ ቆዳው ከታተመ በኋላ ተነስቷል ማለት ነው። የዳይ ስባሪ ግን ዝርዝሩን ይበላዋል። ማህተሙ ላይ የተቀረጸው ነገር እዚያ ቦታ ስለሌለ ሳንቲሙም ላይ አይኖርም። ሌላው ጥንካሬው ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብለው ይጫኑት። የቅብ አረፋ ይሰረጉዳል፤ የዳይ ስባሪ ድርቅ ያለ ብረት ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ይህን ሙከራ ዋጋ አለው ብለው በሚጠረጥሩት ሳንቲም ላይ ግን አያድርጉት፤ ቅቡ ይቀደዳል። የእርስዎ ፔኒ ላይ ይሞክሩት፣ ምንም አይጎዳም።

የዳይ ስባሪ ቦታም ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚረግፈው በፊደላት መካከል ያለ ቀጭን የማህተም ክፍል ነው። ሰብሳቢዎች በደንብ የሚያውቁት «ሊበርቲ» ላይ በ«ቢ» እና በ«ኢ» መካከል የሚወጣውን ነው። ተጨማሪ «አይ» የሚል ፊደል ይመስላል። በ1950ዎቹ ፔኒዎች ላይ በብዛት ይገኛል። የቅብ አረፋ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ጉንጭ ላይም ደረት ላይም ባዶ ቦታም ላይ ይወጣል። የእርስዎ ላይ እንደሚታየው ደግሞ በቡድን ሆኖ ይረጫል።

እብጠት ሲባል ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ የሚመጣም አለ። ዚንክና መዳብ አንድ ላይ እርጥበት ካገኛቸው ዚንኩ ቀድሞ ይበላል። ቅቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካለች ከስር ዝገቱ ይሰራጫል። ነጭ ዱቄት ወይም ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ቆዳውም ያብጣል። ይህ በየጊዜው እያደገ ይሄዳል። እሳት ያገኘው ፔኒም በአረፋ ይሞላል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ መዳብ ግን ከ1,080 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ውስጡ ሲላላ ቆዳው እንዳለ ይቆያል። መልኩ አስደናቂ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን ዜሮ ነው።

ሁለተኛው፣ የፊደላቱ ጥላ። በእውነት ለመለየት ትንሽ ዓይን የሚፈልገው ይሄኛው ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

እውነተኛው ድርብ የሚፈጠረው ሳንቲሙ ሲታተም አይደለም፤ ማህተሙ ራሱ ሲሠራ ነው። ዳይ ቅርጹን የሚያገኘው ሃብ ከሚባል ሌላ ብረት በግፊት ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት ሃቡ ዳዩን ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫነው ነበር። በመሃል ትንሽ ዞር ካለ ዳዩ ላይ ሁለት ምስል ተደራርቦ ይቀረጻል። ከዚያ ዳይ የሚወጣ እያንዳንዱ ሳንቲም ያንኑ ድርብ ይይዛል። ታዋቂው የ1955 ፔኒ ነው። ዓመቱና ጽሑፉ ያለ መነጽር እንኳ ድርብ መሆኑ ይታያል። ከዚንኮቹ መካከል የ1983 የኋላ ጽሑፍ፣ የ1984 የሊንከን ጆሮ፣ የ1995 «ሊበርቲ» እና «ኢን ጎድ ዊ ትረስት» ይጠቀሳሉ። የእርስዎ ፔኒ ከ1995ቱ በአንድ ዓመት ብቻ ስለሚያንስ ተስፋ ቢያደርጉ አይፈረድብዎትም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ዳይ በአንድ ግፊት ብቻ መቀረጽ ቢጀምርም ድርቡ አልጠፋም። ነገር ግን አነስ ያለና ወደ ሳንቲሙ መሃል የተጠጋ ሆኗል።

ታዲያ የእርስዎ ለምን ከዚያ ወገን አይደለም? ቀለሙን ይዩ። ጥላው ግራጫ ነው። ግራጫው ዚንክ ነው። በድርብ ዳይ የታተመ ሳንቲም ላይ ሁለተኛውም ምስል መዳብ የለበሰ ነው። ምክንያቱም ዳዩ የሚያገኘው አስቀድሞ የተቀባውን ክብ ነው። ቅቡ ማተሙን ቀድሟል ያልኩት ለዚህ ነው። ግራጫ መስመር የሚነግርዎት ሁለተኛ ምስል መኖሩን ሳይሆን ቆዳው መሰንጠቁን ነው።

ስንጥቁ የት እንደሆነም ይዩ። ሲታተም ብረቱ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ቆዳው ከሁሉ የበለጠ የሚለጠጠው በፊደሉ ግርጌ፣ ወደ ጠርዙ በዞረው ጎን ነው። የእርስዎ ፎቶ ላይ ጥላው በሁሉም ፊደላት ላይ ወደ ጠርዝ በኩል ብቻ ነው። ይህ የቅብ ስንጥቅ ፊርማው ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም የሚያታልል አለ። ዳዩ በምት ጊዜ ላላ ብሎ ከተንቀሳቀሰ፣ አሁን የታተመውን ፊደል ጎኑን ይገፋዋል። ይህ የማሽን ድርብ ይባላል። ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ፊደሉ ከተፈጥሮው ይቀጥናል፤ ምክንያቱም ከራሱ ላይ ነው የተወሰደው። እውነተኛው ድርብ ግን ፊደሉን ያወፍረዋል። ሁለቱም ምስሎች ክብ ብለው ይነሳሉ፣ ማዕዘኖቻቸው ላይ ደግሞ እንደ ሹካ የተከፈለ ጫፍ ይታያል። የማሽን ድርብ መዳቡን እንደለበሰ ሊቀር ስለሚችል ቀለም ብቻውን አይለየውም፤ የግድ ቅርጹን ማየት ነው። ያረጀ ዳይም ፊደላቱን ያደበዝዛል፣ ጠርዛቸውን ያሰፋል። እሱም ድርብ አይደለም።

ከኋላ ያለው መስመር ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። የዳይ ስንጥቅ ወዲያና ወዲህ የሚል፣ ሸካራና ሹል መስመር ነው። ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ወይም ከአንድ ቅርጽ ጫፍ ይነሳል። የእርስዎ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ለስላሳና ክብ ያለ ነው፣ ከአጠገቡም ሌላ ፈዘዝ ያለ ትይዩ መስመር አለ። ይህ ዚንኩ በሚዳመጥበት ጊዜ በነበረው አቅጣጫ የተዘረጋ ረጅም አረፋ ነው። እነዚህ መስመሮች ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ዳይ ሲሰነጠቅ እንዲህ ሥርዓት አይጠብቅም። በነገራችን ላይ በባዶው ቦታ ብቻ ላይ የሚታዩና ምስሉ ጋ ሲደርሱ ቀጥ የሚሉ የፀጉር ያህል መስመሮች ካዩ፣ ዳዩ ሲወለወል የቀሩ ጭረቶች ናቸው። እነሱም ዋጋ የላቸውም።

የዳይ ስንጥቅ ሲከፋ ከማህተሙ ጠርዝ ቁራሽ ይገነጠላል። ያኔ ሳንቲሙ ላይ ከጠርዙ ጋር የተያያዘ ጽሑፍ አልባ ጉብታ ይወጣል። በዚያው ቦታ በስተጀርባው በኩል ያለው ቅርጽ ደከም ይላል፤ ብረቱ ወደ ባዶው ቦታ ስለሸሸ ነው። ይህን ካገኙ ያስቀምጡት። የፊቱ ጉብታና የኋላው ድክመት አብረው መምጣታቸውን በእጅ ማስመሰል በጣም ከባድ ነው።

ጠርዙ የተቆረጠ ፔኒ ላይ የቅደም ተከተሉ ጥቅም ከሁሉ በላይ ይታያል። ክቡ ከንጣፉ ሲመታ ቀድሞ በወጣ ቀዳዳ ላይ ከተደረበ ጨረቃ የመሰለ ጉድለት ይኖረዋል። ይህ እውነተኛ ስህተት ነው። የሆነው ደግሞ ከቅቡ በፊት ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ጎን መዳብ የለበሰ መሆን አለበት። ጎኑ ግራጫ ዚንክ ካሳየ አንድ ሰው በመቀስ ወይም በሞርሳና በመጋዝ ሠርቶታል፤ አለቀ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ካስፈለገ ከጉድለቱ ትይዩ ያለውን ጠርዝ ይዩ። እውነተኛው ላይ እዚያ ያለው ጠርዝ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ብሌክስሊ ውጤት የሚሉት ይሄንን ነው። ይህ ግን በሁሉም ላይ ስለማይታይ ስለጠፋ ብቻ አይጣሉት። ዚንክ ፔኒ ላይ እኔ የማምነው ቀለሙን ነው።

ጨርሶ ያልተቀባ፣ ብርማ ፔኒስ? አለ። ክቡ ሳይቀባ አምልጦ ከታተመ እውነተኛ ስህተት ነው፣ ሰብሳቢም ይፈልገዋል። ችግሩ ግን ማስመሰሉ በጣም ቀላል መሆኑ ነው። ብዙዎች «መዝነው» ይላሉ። ሚዛን እዚህ ላይ አይረዳም። ቅቡ የሳንቲሙን ክብደት ሁለት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በግራም 0.04 አካባቢ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚፈቅደው የክብደት ልዩነት ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.1 ግራም ነው። ስለዚህ የተቀባውም ያልተቀባውም በአንድ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

የሚለየው ፊቱ ነው። ሳይቀባ የታተመ ዚንክ የሕትመት አንጸባራቂነት አለው። ብርሃን ስር ሲያዞሩት ጮራው አብሮ ይዞራል፣ ፊደላቱም ስል ናቸው። በኬሚካል የተገፈፈው ግን ደብዛዛና አሸዋማ ነው፤ ፊደላቱም ይሟሙና ክብ ይላሉ። በተቃራኒው መዳብ ፔኒን ዚንክ የቀቡበትም ሞልቷል። ይህ ሁሌ ማጭበርበር አይደለም። የኬሚስትሪ ክፍል የታወቀ ሙከራ ነው፤ ተማሪዎች ፔኒውን መጀመሪያ «ብር» ያደርጉታል፣ ከዚያ አሙቀው ወደ ናስ ሲለወጥ «ወርቅ» ይሉታል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ወደ ገበያ ተመልሶ ሲገባ ያገኘው ሰው ልቡ ስቅል ይላል። ከ1982 በፊት ያለ ዓመት ከያዘና 3.1 ግራም ከመዘነ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ መዳብ ላይ ዚንክ የተቀባ ነው።

ማግኔት የሚሠራባቸውም አሉ። በ1943 መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒ በዚንክ ከተቀባ ብረት ነበር የታተመው፤ ክብደቱ 2.7 ግራም። በዚያ ዓመት በስህተት በነሐስ፣ ማለትም በተለመደው የመዳብ ቅይጥ፣ የታተሙ በጣም ጥቂት ፔኒዎች አሉ፣ ዋጋቸውም ከፍተኛ ነው። በዚህ ምክንያት የብረቱን 1943 መዳብ እየቀቡ የሚሸጡ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል። ማግኔት ካጠጉት ይለጠፋል፤ ጨዋታው እዚያ ያበቃል። ካልተለጠፈ ገና መጀመሪያው ነው። የ1948ን «8» ፍቀው «3» የሚያደርጉ ፎርጅድ ሠሪዎችም ስላሉ ያንን በማጉያ ማየት ያስፈልጋል። የዩሮ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞች፣ እንዲሁም ከ1992 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ የእንግሊዝ 1 እና 2 ፔንስ ውስጣቸው ብረት ሆኖ መዳብ የተቀቡ ናቸው። እነሱም ይነፋሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ልዩነቱ ከስር የሚወጣው ዝገት ቡናማ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቪዲዮ ሠሪዎቹን በከፊል ልደግፋቸው። «የቅብ አረፋም ፋብሪካ ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ ስህተት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጉድለቱ ከፋብሪካ ነው የመጣው። ነገር ግን ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብርቅነት ነው። ፊቱን ግማሽ የሸፈነ ትልቅ አረፋ ካገኙ ጥቂት ዶላር የሚሰጥ ሊኖር ይችላል። የእርስዎ ዓይነቱን ግን ማንም በራሱ ኪስ ውስጥ ያገኘዋል። እንደ ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ ላሉ መርማሪ ድርጅቶች ቢልኩት እርስዎ የሚከፍሉት የምርመራ ክፍያ ከሳንቲሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አይላኩት።

ሚዛንዎ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ ከሆነ ግን ከአረፋ ይልቅ እሱን ይጠቀሙበት። 1982 የሽግግር ዓመት ስለሆነ ያንን ዓመት የያዘ ፔኒ 3.1 ወይም 2.5 ግራም ቢመዝን በራሱ ተራ ነው። ትኩረት የሚገባው 3.1 ግራም መዝኖ ከዓመቱ ስር «ዲ» (የዴንቨር ማተሚያ ቤት ምልክት) ያለበትና የዓመቱ አኃዞች ትንንሽ የሆኑበት ነው፤ እሱ በዚንክ ብቻ መታተም ነበረበት። የ1983 ፔኒዎችም ሁሉም ዚንክ መሆን ነበረባቸው። ሆኖም ከአሮጌው ነሐስ ክብ የቀሩ በማሽን ውስጥ አምልጠው የታተሙ ተገኝተዋል። ዓመቱ 1983 ሆኖ ሚዛኑ 3.1 ካነበበ አይጠቡት፣ አይወልውሉት፣ በስቴኪኒም አይንኩት። በጠርዙ ብቻ ይዘው በካርቶን መያዣ ያስገቡትና ከሚዛኑ ንባብ ጋር የሁለቱንም ፊት ፎቶ ይላኩልኝ።